የእትዬ ሽታዬን ሐረግ ላለማግኘት ያደረግኩት ጉዞ

ከመቱ የተነሳሁት አንድ ተክል ፍለጋ ነው። ተክሉን ካገኘሁት ከሰርኩ፤ ካጣሁት ተሳካልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ ብታነቡት አልቀየማችሁም። እኔም ጉዞውን ሙሉ ለራሴ ስደግመው ነው የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ ሽታዬ አጥር ላይ ክንድ የሚያህል ግንድ ያላት አንዲት ሐረግ አለች። ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርማ ነው፤ ሲያሹት የሎሚ ልጣጭ ይሸታል። የበቀለችው ባለቤታቸው ጋሼ መኩሪያ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ነው። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ ታብባለች፤ ፍሬ ይዛ ግን አታውቅም። እኔ ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከአትክልት ጎመንን ከጽጌረዳ እለያለሁ፣ እሱም ጽጌረዳው ካበበ ነው። ሐረጓን የማውቃት በጥላዋ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጥላዋ አጥሩን ተሻግሮ የእኔ ወንበር ላይ ይደርሳል።

በጥቅምት አንዲት የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጥታ በሰፈራችን ስታልፍ፣ አጥሩ ሥር ቆማ ጮኸች። እባብ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ።

«ይህቺ እኮ…» አለችና ረጅም የላቲን ስም ጠራች። የስሙ ጅራት የአንድ ፈረንጅ ስም ነው። ሰውየው ድሮ፣ መኪና ባልነበረበት ዘመን፣ በበቅሎ እየዞረ ቅጠልና አበባ ሲሰበስብ የኖረ አሳሽ ነው አለችን። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ አድርጌ ጻፍኩት። ስለዚህ እዚህ አላሰፍረውም። በእኔ ጆሮ ምክንያት ሙት ማስቀየም አልፈልግም።

እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁ። «ምን ቢያደርግላት ነው በስሙ የተጠራችው?»

«ለሳይንስ መጀመሪያ ያገኛት እሱ ነው እትዬ። ቆርጦ፣ በወረቀት መሐል አድርቆ፣ ወደ አገሩ ላከ።»

«ቆርጦ አደረቀና ስሟ ሆነ? እኔ ውሃ ሳጠጣት የኖርኩት ሴትዮ ስሜን የጠየቀኝ የለም!»

ዶክተሯ ሳቀችና ሌላም ነገር አስረዳች። ይህ ተክል ወንድና ሴት አለው፤ የእትዬ ሽታዬዋ ሴቷ ናት። ፍሬ የማትይዘው በአቅራቢያዋ ወንዱ ስለሌለ ነው። እትዬ ሽታዬ ይህን ሲሰሙ ሐረጓን ከታች እስከ ላይ አዩዋት።

ችግሩ አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም መቀባቱ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ አጥሩም ሐረጓም ይነሳሉ። ዶክተሯ እንዲህ አለች፦ «ከመቱ ዙሪያ ሌላ ቦታ እንደሌለች ከተረጋገጠ መንገዱን የሚያሰፉትን ሰዎች አነጋግሬ አጥሩ እንዲታለፍ አደርጋለሁ። በየጫካው ካለች ግን የሚሰማኝ የለም። እኔ ነገ መመለሴ ነው፤ ሄዶ የሚያይልኝ ሰው ባገኝ…»

«ብቻዋን ከሆነች ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ እትዬ ሽታዬ።

«እኔ እሄዳለሁ!» አልኩ። ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ብያለሁ።

«ጉልበትዎስ ጋሼ ደምሴ?» አሉኝ እትዬ ሽታዬ።

«ጉልበቴን ማን ጠይቆት!»

ኡካ

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኡካ ነው። በጠዋት ጭጋግ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከነቅርንጫፏ የተቆረጠች አንዲት ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ። መስኮቱ በጭጋግ ስለተሸፈነ ያየሁት መልክዓ ምድር የፊተኛውን ተሳፋሪ ማጅራት ብቻ ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር በሉ እንግዲህ።

ኡካ ወርጄ ሻይ ቤት ገባሁ። ፓስቴ በሻይ አዘዝኩና ቅጠሏን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ወዲያው ሰው ከበበኝ።

«ይህ ተክል እዚህ አገር አለ?»

«አለ! ሞልቷል!» አለ ከድር የሚባል ባለሱቅ። ልቤ ስንጥቅ አለ። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሻይ፣ አበቃልን! ከድር እጄን ይዞ ወደ ሱቁ ጓሮ ወሰደኝና በኩራት አሳየኝ። ዱባ ነው። ያውም ፍሬው የተንጠለጠለ ዱባ።

አቀፍኩት። ጉንጩንም ሳምኩት። ከድር ግራ ገባው።

ከዚያ ሌሎች አራት ሰዎች «አለ» ብለው አራት ቦታ ወሰዱኝ። አራቱም ሌላ ሌላ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ሐረግ ሳይሆን የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የወጣ አረም ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ለምን ይዋሻል ብዬ ተናደድኩ። ቆይቼ ግን ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር ሽበታም ሰው መንገድ አቋርጦ መጥቶ አንድ ነገር ሲጠይቅ «የለም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። በዚያ ላይ ቅጠል ይዞ የሚዞር ሽማግሌ መድኃኒት ፈላጊ ነው። ምን እንደታመመ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር። ስለዚህ ሁሉም የታመምኩትን በልቡ እየገመተ፣ ለገመተው በሽታ የሚሆነውን ያሳየኛል።

ከድር ምን እንደገመተ ያወቅኩት ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ በፌስታል የተጠቀለለ ሥር ኪሴ ውስጥ ከተተ።

«ጋሼ፣ ይኼን በማር ነው። ለአዲስ ሙሽራ ይሆናል።»

«ኧረ እኔ ሙሽራ የለኝም!»

«ኢንሻአላህ ትመጣለች» አለና በሩን ዘጋልኝ።

ዳሪሙ

ወደ ዳሪሙ የሄድኩት ማዳበሪያ በጫነ መኪና ጋቢና ነው። ሾፌሩ ከመንገዱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ፤ ጉድጓዶቹን በስም ያውቃቸዋል። መኪናው ከቆመበት በኋላ በእግር ነው። ማሽላና በቆሎ መሐል ቀጭን መንገድ ይሄዳል፤ ሁለት ይሆናል፤ ሦስት ይሆናል። እኔ ሰሜንን በፀሐይ እንዴት እንደሚለዩ ስንቱን ተማሪ ያስተማርኩ ሰው፣ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ስትገባ አንድ ቡና ማሳ ሁለቴ ዞርኩ። ሁለተኛውን ጊዜ የአንድ ቤት ውሻ ስላወቀኝ አልጮኸብኝም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ጫልቱ አህያ ጭነው ከገበያ ሲመለሱ አገኙኝ። «አካም ጅርቱ?» ተባባልንና ቅጠሉን አሳየኋቸው። ቅጠሉን አላዩትም፤ እግሬን ነው ያዩት።

«ኒ ጅራ!» አሉ። አለ ማለታቸው ነው። «ኒ ጅራ! ይምጡ!»

ሁለት ወንዝ አሻገሩኝ። በሁለተኛው ላይ ድንጋይ አዳልጦኝ ጫማዬን አጠብኩ። ሲሄዱ ስለ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ስለ ቡናው ዝናብ፣ ስለ አህያዋ አመል አወሩኝ። እኔ በሆዴ «አይሁን፣ አይሁን፣ አይሁን» እላለሁ። ደረስን። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሻካራ፣ ሽታ የሌለው አንድ ቁጥቋጦ ነው።

«አይደለም!» አልኩ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ።

«አይደለም? ታዲያ ምን ያስቅዎታል አባቴ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ተክል እፈልጋለሁ፤ እንዳይገኝ ግን እፈልጋለሁ። በአማርኛ ጀመርኩት፣ በኦሮምኛ ሞከርኩት፤ በሁለቱም ቋንቋ የእብድ ወሬ ነው። እትዬ ጫልቱ በሐዘኔታ አዳመጡኝና ቤታቸው አስገቡኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ስበላ ያንን ሻካራ ቅጠል ወቅጠው ጉልበቴን አሹት። እምቢ አልኩ፤ አልሰሙኝም። ከዚያ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ አላመመኝም። ይህም ሌላ ግራ መጋባት ሆነ፦ ያልፈለግኩትን መድኃኒት አግኝቼ፣ የፈለግኩትን ተክል አጥቼ፣ በማጣቴ ደስ እያለኝ፣ እየተራመድኩ ወደዚያው መኪና ተመለስኩ፤ እስከ መቱም ለሾፌሩ ሁሉንም አወራሁት።

ሁሩሙ

በማግስቱ ወደ ያዮ ስሄድ የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሁሩሙ ላይ ለቁርስ ቆመ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ፍርፍር እያቀረበች አተኩራ አየችኝ።

«አባባ፣ ያልሆነውን ሲያሳዩአቸው የሚስቁት ሽማግሌ እርስዎ ነዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«የማዳበሪያው መኪና ሾፌር ነዋ። ለራስ ምታት የሚሆን ጓሮዬ አለ፤ ላሳይዎት?»

አሳየችኝ። አልነበረም። ሳቅኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠልጥሎ አብሮኝ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ያዮ

ያዮ የመጨረሻዬ ነበረች። በልቤ ለእትዬ ሽታዬ የማደርገውን ንግግር እያዘጋጀሁ ነው ጫካው የገባሁት፦ «እትዬ፣ ኢሉባቦርን አካለልኩ፤ እንደ እርስዎ ሐረግ ያለ የለም።» ከ«እርስዎ» በኋላ ትንሽ ዝም ማለት እንዳለብኝም ወስኛለሁ።

ጫካው ውስጥ ቡናው ቀልቷል። ለቃሚዎች ቅርንጫፍ እየጎተቱ ይጫወታሉ፤ ቅርጫቱ ወገባቸው ላይ ነው። ከእነሱ አለፍ ብሎ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ንብ አንቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አዲስ ቀፎ ያጥናሉ። ለደንቡ ያህል ቅጠሏን አሳየኋቸው። «አለ» እንዲሉኝና ወደ አንዱ ጎመን እንዲወስዱኝ ጠበቅኩ።

ኦቦ ገመቹ ግን አለም የለምም አላሉም።

«ለምን ፈለጉት?» አሉኝ።

በጉዞዬ ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ደነገጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አጥሩን፣ ቀዩን ቀለም፣ ፈረንጁን፣ ዶክተሯን፣ እትዬ ሽታዬን። እትዬ ሽታዬ ላይ ሳልረዝም አልቀረሁም መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ቀፎ በምን ይሰቀላል ጋሼ?»

ቀና አልኩ። ከላይ፣ ትልቁ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ ተጋድሟል። የታሰረው በሐረግ ነው። ነፋስ መጣና ዛፉ ላይ የወጣውን የዚያኑ ሐረግ ቅጠሎች ገለበጣቸው፤ ከታች ብርማ። ቀጥሎ ያለው ዛፍም ብርማ። ከእሱ ኋላ ያለውም። ጫካው እስከ ወንዙ ድረስ ብልጭ ድርግም አለ። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያናደደኝ ነገርም የለም።

«ይኼ ሂዳ እኮ ገመዳችን ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ሐረጉን በኦሮምኛ ጠርተው። «ከናይሎን ይሻላል፤ ዝናብ አያበሰብሰውም።»

ቁጭ አልኩ። ቀስ ብዬ አንዱን አበባ አሸተትኩ። ቢጫ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አነጠስኩ፤ ደግሜ አነጠስኩ። ዶክተሯ የወንዱ ምልክት ቢጫ ብናኝ ነው ብላ ነበር። እንግዲህ በአፍንጫዬ አረጋገጥኩ ማለት ነው።

«የመቱዋ ብቻዋን እንዴት ሄደች ታዲያ?» አልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

ኦቦ ገመቹ አሰቡ። «ድሮ ከመቱ ማር ሊገዛ የሚመጣ አንድ ደንዳና ሰው ነበር። ኮፍያውን አያወልቅም፤ ሲስቅ ንቡ ይበረግጋል።»

ጋሼ መኩሪያ! ያንን ሳቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«ማሩን ከነቀፎው በእርጥብ ሂዳ ጥርቅ አድርጌ አስሬ ሰጠሁት። ማሰሪያውን ፈትቶ አጥር ላይ ጥሎት ይሆናላ። እርጥቡ መሬት ከነካ ይበቅላል። በጋ ከሆነ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም።»

እንግዲህ ያ ሁሉ ላቲን፣ ያ ሁሉ ፈረንጅ፣ የማር ማሰሪያ ነው! ኦቦ ገመቹ ከወንዱ ከነአበባው ረዘም ያለ ቆረጡልኝ። ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ እጅዎ ነፃ ይሁን ብለው ወገቤ ላይ አስታጠቁኝ። «ገለቶማ» ብዬ አመስግኛቸው ወረድኩ። ለቃሚዎቹ ሙሽራ መጣ እያሉ እልል አሉልኝ። የከድር ሥር ኪሴ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ።

ወደ መቱ

በመልሱ ጉዞ ያሰብኩትን ብጽፍ ትታዘቡኛላችሁ፤ እጽፈዋለሁ። መዋሸት አሰብኩ። ያዮ ከመቱ ሩቅ ነው፤ ያየኝም ንብ ነው። ሐረጉን በመስኮት እጥለዋለሁ፤ «የለም» እላለሁ፤ አጥሩ ይተርፋል፤ ጥላዋም በየከሰዓቱ ወንበሬ ላይ ይመጣል። ዶክተሯስ? እትዬ ሽታዬስ በማያውቁት ነገር ምን ይሆናሉ?

አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ሐረጉን ከወገቤ ፈታሁና መስኮቱን ከፈት አደረግኩ።

«ኧረ መስኮት!» አለች ከኋላዬ ያለች ሴት።

«ንፋስ ይመታናል!» አለ ሌላው።

«ፋዘር፣ ዝጉት እንጂ፤ ሕፃን አለ እኮ!» አለ ረዳቱ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ላብ በላብ ነው፤ ግን አንድ ጣት የምታህል ንፋስ አያሳልፍም። «አንዴ ብቻ፣ አንድ ነገር ልጣል» ብዬ ለመንኩ። «ሲቆም ይጥላሉ!» ብለው አንድ ላይ ጮኹብኝ። ዘጋሁት። ድልድዩ አለፈ። ሐረጉን መልሼ ታጠቅኩ። በሕይወቴ ሐቀኛ የሆንኩባቸው ቀናት ቢቆጠሩ፣ ያኛው ንፋስ በመፍራት የተገኘ ነው።

እትዬ ሽታዬን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ።

«ምንድን ነው የታጠቁት ጋሼ ደምሴ?»

«አለ እትዬ» አልኩ መሬት እያየሁ። «ያዮ ሞልቷል። ቀፎ ያስሩበታል። ጋሼ መኩሪያም ያመጡት የማር ማሰሪያ አድርገው ነው። አጥሩን ማዳን አልቻልኩም።»

እንዲያለቅሱ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወገቤን ነው የሚያዩት።

«ይኼ ወንዱ ነው?»

«ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አስነጥሶኛል።»

ሳቃቸውን ለቀቁት። «የማር ማሰሪያ! አይ መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማረው! እኔ ደግሞ አስቦ የተከለልኝ መስሎኝ ስንት ዓመት አመሰገንኩት!» ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አልለየሁም። «እርስዎ ደግሞ ምን ያስተክዝዎታል?»

«አጥሩ…»

«አጥሩማ እንደሚፈርስ ቀለሙን ሲቀቡት አውቄዋለሁ። አጥር ይዳንልኝ አልኩ እንዴ? ብቻዋን ከሆነች ማወቅ እፈልጋለሁ ነው ያልኩት። እኔ ነገ ብሞት ዘሯ የሚቀር መሆኑን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። ኡካና ዳሪሙ በየጓሮው ስገባ፣ ባልሆነው ሁሉ ስስቅ፣ እኚህ ሴት እንዳገኝላቸው ነበር የሚጸልዩት። እኔ ደግሞ እንዳላገኝላቸው። ለሁለታችንም የሰማ አምላክ እሱም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

አጥሩ ፈረሰ፤ ሐረጓም ከግንዷ ተቆረጠች። እኛ ግን አስቀድመን ከእሷ አምስት ያህል እርጥብ ቁራጭ ወስደን፣ መንገዱ በማይደርስበት በእኔ ጓሮ አጥር ሥር ከያዮው ወንድ ጎን ተክለናል። ዶክተሯ በስልክ ሁሉንም ስነግራት ደስ አላት፤ ከወንዱ አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ አድርቄ እንድልክላት፣ ሰብሳቢ ተብሎም ስሜ እንደሚጻፍ ነገረችኝ። ደረቴን ነፍቼ ለእትዬ ሽታዬ አወራሁ።

«እርስዎም ቆርጠው አደረቁ በሉኛ!» አሉ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ በእርግጠኝነት የምመልሰው የለኝም። ያ ፈረንጅም በበቅሎው ሆኖ ስንቱን «አለ፣ ሞልቷል» ሰምቶ ስንት ዱባ እንዳየ ግን መገመት እችላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዲት ትክክለኛ ቅጠል ማግኘቱ ስም ቢያሰጠው አልፈርድም። ሰው ሲልከኝ ደግሞ ምን ፈልገህ ነው ብዬ እንደ ኦቦ ገመቹ መጠየቅ እንዳለብኝ ገብቶኛል፤ በዚህ ዕድሜ።

ከቁራጮቹ ሦስቱ አቆጥቁጠዋል፤ ወንዱም አንድ ቅጠል አውጥቷል። በጋ ስለሆነ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋሉ። እትዬ ሽታዬ በየጠዋቱ ጆካቸውን ይዘው በእኔ በር ይገባሉ፤ አጠጣጤ ልክ አይደለም ብለው ይቆጡኛል፤ ቁጣው ሲያልቅ ወንበር አወጣለሁ። እኔም ጢሜን በየጠዋቱ መላጨት ጀምሬያለሁ። ለሐረጓ ብዬ ነው።